ላስቲኩ ዝም ሲል፦ በአንዲት እናት ጉልበት ላይ የሞከርነው የራሱን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የመለጠጥ ሴንሰር

መነሻው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ፣ በብዛት ሞባይል ነው የምሠራው፣ አልፎ አልፎ ሬዲዮ፣ ሪሲቨር ምናምን። አምና ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ የጎንደር እንግዳ ገና ተሸኝቶ ሳያልቅ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሱቅ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ ይሄ ሁሉ ከዛ ነው የመጣው። እናቷ (እዚህ ጽሑፍ ላይ በቃ እማማ ነው የምላቸው) ኅዳር መጨረሻ ላይ ደረጃ ላይ ወድቀው የጉልበታቸው ሎሚ ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት በጀሶ ከርመዋል። ጀሶው ሲፈታ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችው ቀላል ነገር ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ወደኋላ ማጠፍ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ መያዝ፣ መዘርጋት። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ባጠቃላይ በቀን 30።

ልጅቷ ቀን ሥራ ላይ ነች። ማታ ገብታ «እማዬ ሠራሽ?» ስትል መልሱ ሁሌም «አዎ ልጄ፣ ጨርሻለሁ» ነው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ግን ጉልበቱ ያው ነው፣ ንቅንቅ የለም። «አንተ ቴክኒሻን አይደለህ እንዴ፣ ስንት ጊዜ እንዳጠፈች የሚቆጥር ነገር አትሠራልኝም?» አለችኝ። እኔም ባንድ ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሰባት ወር ፈጀ።

ችግሩ ምን ላይ ነበር

መጀመሪያ የመጣልኝ በየስልኩ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው፣ እሱን ጉልበት ላይ አስሮ መቁጠር። ይሠራል፣ ግን ሳያቋርጥ ስለሚለካ ኃይል ይበላል፣ ስለዚህ በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል። እማማ ስልካቸውን እንኳ ቻርጅ የምታረግላቸው ልጃቸው ነች። መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል።

ሁለተኛው አማራጭ ካርቦን የተቀላቀለበት ላስቲክ ነው፣ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚገታበት ልክ) ይቀየራል። እሱም ችግር አለበት፣ ሬዚስታንስ ለማንበብ ከውጭ ከረንት መስጠት አለብህ፣ ደሞ ላስቲኩ ከተለጠጠ በኋላ ወደነበረበት ቁጥር ቶሎ አይመለስም፣ ጠዋት ያነበብከው ከሰዓት ሌላ ነው።

እንግዲህ የቀረው ሲለጠጥ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ነገር ነው። እንቅስቃሴው ራሱ ምልክቱን ይፈጥራል፣ ካልተንቀሳቀሰ ምንም አይበላም። በወረቀት ላይ ለእማማ ጉልበት የተሠራ ነው የሚመስለው።

ከማን ምን እንደሚገኝ

እንዲህ ያለ ሴንሰር በብዛት በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ፒየዞ ነው፣ አንዳንድ ቁስ ሲጨመቅ ወይም ሲጎብጥ ቻርጅ ያወጣል። የኩሪ ወንድማማቾች ናቸው በ1880 ያገኙት፣ ዛሬ የግድግዳ ሰዓታችን ውስጥ ያለው ኳርትዝ በዚሁ ባሕርይ ነው የሚሠራው። እንደ ፕላስቲክ የሚተጣጠፍ ፒየዞም አለ፣ ፒቪዲኤፍ ይባላል፣ ባሕርዩ በ1969 ነው የታወቀው፣ ጎንደር ግን ዞሬ ዞሬ አጣሁት።

ሁለተኛው ትራይቦኤሌክትሪክ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በደረቅ ወቅት ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጠጭ ጠጭ የሚለው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲነካኩ ወይም ሲፋተጉ አንዱ ኤሌክትሮን ይወስዳል አንዱ ይሰጣል፣ ከዛ ሲለያዩ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በ2012 አሜሪካ ጆርጂያ ቴክ ውስጥ የፕሮፌሰር ዦንግ ሊን ዋንግ ቡድን ይሄን ወደ ጀነሬተር ቀየረው፣ ከዛ ወዲህ በየላብራቶሪው የማይሞከርበት ጨርቅና ላስቲክ የለም።

ሦስተኛውን ለመጠቀም አልቻልንም ግን ስለሱ ሳላወራ ማለፍ አልፈልግም። በ2017 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ተመራማሪዎች ከኮሪያ ባልደረቦቻቸው ጋር ከካርቦን ናኖቲዩብ የተፈተለ ክር ሠሩ፣ ትዊስትሮን አሉት። ክሩን እጅግ አክርረው እላዩ ላይ ይጠቀለላል፣ ልክ እንደ ስፕሪንግ። ይሄ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ሲለጠጥ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ የያዘው ቻርጅ ግን የት ይሂድ፣ ስለዚህ ቮልቴጁ ይጨምራል። በሰከንድ 30 ጊዜ ሲለጠጥ በኪሎ 250 ዋት ድረስ ይሰጣል ብለው አስመዝግበዋል፣ በኪሎ ይባል እንጂ ክሩ ራሱ ከጸጉር የቀጠነ ነው። ይሄን ለእማማ ሳጫውታቸው በእጃቸው እንዝርት ይዘው ነበር፣ «እና ክር ሲበዛ ሲከር እንደሚቋጠረው ነዋ» ብለው እንዝርቱን ትንሽ አብዝተው አሽከርክረው ክሩን ላላ ሲያረጉት እዛው ፊቴ ጥቅልል አለ። እኔ ያን ምስል ለመረዳት ሁለት ሌሊት ነው የፈጀብኝ።

ምን ምን ሞከርን

በፒየዞ ነው የጀመርኩት፣ ምክንያቱም ሱቄ ውስጥ ነበረ። የድሮ አሻንጉሊትና የሚጮህ ሰዓት ውስጥ ያለች ክብ ነሐስ፣ እላይዋ ላይ ነጭ ሴራሚክ የተለጠፈባት። የጉልበት መታሰሪያ ላይ ሰፋናት። በሦስተኛው ቀን ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። ሲታሰብ ግልጽ ነው፣ ሴራሚክ አይለጠጥም፣ ጉልበት ደሞ ይለጠጣል። በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተን ነበር፣ ከሎሚው በላይና በታች በእስክሪብቶ ምልክት አርገን፣ እግር ሲዘረጋ 12 ሳንቲ ሜትር የነበረው ሲታጠፍ 16 ሆነ። ቆዳው በሲሶ ይረዝማል ማለት ነው፣ ይሄን የሚችል ነገር ነው የሚያስፈልገን።

ከዛ ወደ ትራይቦ ዞርን። ኤሌክትሮን በመውሰድ ከታወቁት አንዱ ቴፍሎን ነው፣ በመስጠት ደሞ ናይሎን። ቴፍሎን የት ይገኛል፣ ቧንቧ ሠራተኛ የቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጥማት ነጭ ቴፕ ነች፣ ማንኛውም የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለ። ናይሎን የሴቶች ስቶኪንግ። መጀመሪያ በጥጥ ነበር የሞከርኩት፣ የአገር ልብስ ነው ጥሩ ይሆናል ብዬ፣ ግን ጥጥ በዚህ ነገር መሃል ሰፋሪ ነው፣ ብዙም አይሰጥ ብዙም አይወስድ፣ እርጥበት ደሞ ይመጥጣል።

ከሁለቱ ጀርባ የኩሽና አሉሚኒየም ፎይል አረግንና አነባበርናቸው፣ ጉልበት ሲታጠፍ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። መልቲሜትሩን ሰካሁ፣ ምንም። አጠፍኩ ዘረጋሁ፣ ምንም። ሁለት ቀን ሙሉ አይሠራም ብዬ ትቼው ነበር። ጥፋቱ የመለኪያው ነው ለካ። እንዲህ ያለ ሴንሰር ቮልቴጅ ያወጣል እንጂ ከረንቱ እጅግ ትንሽ ነው፣ ምቱም ከሰከንድ ያነሰ ነው፣ መልቲሜትር ደሞ አማካይ እየወሰደ ቀስ ብሎ ነው የሚያሳይህ። አንድ ላብራቶሪ ያለው ጓደኛዬ ጋ ሄደን ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መውጣት መውረድ በስክሪን ላይ የሚስል መለኪያ) ላይ ስንሰካው ሲታጠፍ ወደላይ፣ ሲዘረጋ ወደታች፣ ሦስት አራት ቮልት የሚሆን ሹል ምት ታየ። ያኔ የጮህነው ጩኸት አሁንም ያሳፍረኛል።

ፎይሉ ግን በአራተኛው ቀን ተቀዳደደ። እዚህ ላይ ነው ልብስ ሰፊው የገቡት። ከሱቄ ፊት ለፊት በሲንጀር የሚሰፉ አባት ናቸው፣ አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የተቀዳደደውን ፎይል አገላብጠው አዩና «አንተ ልጅ፣ የማይለጠጥን ነገር በሚለጠጥ ላይ ቀጥ አርገህ ትሰፋለህ እንዴ? ወይ ዚግዛግ ነው ወይ ጠምጥመው» አሉኝ። ሙሉ መፍትሔው ያ ነበር። ከሞተር ጠምጣሚ ቤት ጸጉር የምታክል የመዳብ ሽቦ አመጣሁ፣ ክብ ላስቲክ ላይ እንደ ስፕሪንግ ጠመጠምናት፣ እላይዋ ላይ ቴፍሎን ቴፑን ጠመጠምን፣ ከላይ የስቶኪንግ ቱቦ አለበስነው፣ ስቶኪንጉ ላይ ደሞ አያ ሌላ ሽቦ በዚግዛግ ሰፉበት። ላስቲኩ ሲለጠጥ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ከስቶኪንጉ ይላቀቃል፣ ሲመለስ ይነካካል። ቴፍሎን ደሞ ተራ ማጣበቂያ አይቀበልም፣ በሙጫ የደከምኩትን ቀን ባልቆጥረው ይሻላል፣ የያዘው ክር ብቻ ነው።

መብራት የጠፋ ቀን

ቀጣዩ ራስ ምታት ጫጫታ ነበር። ኦሲሎስኮፑ ላይ ምቱ ይታያል፣ ግን ከሥሩ የማያቋርጥ ሞገድ አለ፣ አንዳንዴ ከምቱ ራሱ ይበልጣል። ሽቦ ቀየርኩ፣ ብየዳ ደገምኩ፣ ሴንሰሩን ሦስቴ ፈትቼ ሠራሁ። አንድ ማታ ሱቅ ውስጥ በላፕቶፕ ባትሪ በሚሠራ ትንሽ መለኪያ እያየሁ መብራት ጠፋ፣ ወዲያው ሞገዱም ጠፋ፣ መስመሩ ልክ እንደተላገ ጣውላ ለጥ አለ። እስከዛሬ መብራት በመጥፋቱ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የግድግዳው 50 ኸርዝ ነበር ለካ፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም፣ ሽቦዬ እንደ አንቴና እየለቀመው ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛ የሴንሰሩን ሁለት ጫፍ ለየብቻቸው ወደ ሁለት ትንንሽ ትራንዚስተር ወሰድናቸው፣ ቱ ኤን 7000 የሚባለው፣ ቮልቴጅ ሲመጣለት እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ፣ ሲታጠፍ አንደኛው ይነቃል ሲዘረጋ ሁለተኛው። የግድግዳው ጫጫታ ሁለቱንም ጫፍ እኩል ስለሚነካ ሁለቱም ባንዴ ከነቁ አትቁጠር ብለን የሚቆጥረው ቺፕ ፕሮግራም ላይ ጻፍን። ሁለተኛ ላዩን በፎይል ሸፈንነው፣ ይሄኛው ፎይል ስለማይለጠጥ የተቀመጠው ሰርኪዩቱ ላይ ብቻ ነው።

የያዘውን መለካት ስለማይችለው ነገር

ፊዚዮቴራፒስቷ መጀመሪያ ስናሳያት ጥያቄዋ አንድ ነበር፣ «አምስት ሰከንድ መያዛቸውን ይነግረኛል?» ይሄ የዚህ ሴንሰር ትልቁ ድካም ነው። ጉልበቱ ታጥፎ ሲቆም ሴንሰሩም ዝም ይላል፣ የወጣው ቻርጅ በሰርኪዩቱ ውስጥ ፈስሶ ያልቃል። የምቱ ቁመትም የመታጠፉን ልክ አይናገርም፣ ቶሎ ካጠፍክ ይረዝማል ቀስ ካልክ ያጥራል።

ቁመቱን ትተን ጊዜውን ያዝን። ሲታጠፍ አንድ ምት አለ፣ ሲዘረጋ ተቃራኒው። በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ የተያዘበት ጊዜ ነው። ከሦስት ሰከንድ በታች የሆነውን «ፈጣን» ብለን ለብቻ እንመዘግባለን፣ ያ በብዛት እርምጃ ነው፣ ከዛ በላይ የሆነው ስፖርት ተብሎ ይቆጠራል። ማዕዘኑን ግን ተውነው፣ እሱን ፊዚዮቴራፒስቷ በየወሩ በራሷ መለኪያ ትለካለች።

ራሱን ያበራል ሲባል

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እና ባትሪ የለውም?» ነው። አለው። ሴንሰሩ አይፈልግም፣ የሚቆጥረው ቺፕ ግን ይፈልጋል። እኔም መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ያለ ባትሪ አረገዋለሁ ብዬ ዳዮድ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገብቼ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም) ቻርጅ ለማረግ ሞክሬ ነበር። 400 ጊዜ አጥፌ ዘርግቼ 3 ቮልት ደረሰ፣ ይሄ 45 ማይክሮጁል ነው። ቺፑ ግን በ3 ቮልት 5 ሚሊአምፔር እየበላ አንድ ሰከንድ ብቻ ቢነቃ 15 ሺህ ማይክሮጁል ይፈልጋል። ባጭሩ ለአንዷ ሰከንድ ከ130 ሺህ በላይ መታጠፍ ያስፈልጋል፣ እማማ በቀን 30 ቢሉ 12 ዓመት።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ቺፑ እንዲተኛ መፍቀዱ ላይ ነው። ኤትሜጋ 328ፒ፣ ቺፑ እሱ ነው፣ ጭልጥ ብሎ ሲተኛ የሚበላው በማይክሮአምፔር የሚቆጠር ነው፣ ሰዓት እንዲያስታውስ ከአሮጌ ግድግዳ ሰዓት ያወጣኋትን 32,768 ኸርዝ ክሪስታል አስገባሁለት። ምት ሲመጣ ትራንዚስተሩ ይቀሰቅሰዋል፣ ጊዜውን ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ያው ቺፕ ሙሉው የአርዱኢኖ ኡኖ ቦርድ (ቺፑ ተገጥሞበት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቦርድ) ላይ ሆኖ ቢሠራ ከ40 ሚሊአምፔር በላይ ስለሚስብ አንዲት ሲአር 2032 ባትሪ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው፣ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ የምትይዘው፣ ለእንዲህ ያለ ሸክም ያልተሠራች ከመሆኗም በላይ በስሌት እንኳ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በዚህኛው መንገድ መጋቢት ላይ ያስገባኋት ባትሪ እስከዛሬ አልተቀየረችም።

መጋቢት፦ እውነት ያወራበት ጊዜ

መጋቢት መጀመሪያ ላይ እማማ አሰሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ አነባለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ በቀን 11 ነበር፣ ከ30። ጠዋት 10፣ ከዛ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት። አልተቆጡም፣ «ከሰዓት እንቅልፍ ይወስደኛል ልጄ» አሉ። ጊዜውን ወደ ቡና ሰዓት ስናዞረው ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ቡና እስኪፈላ አስር፣ ሦስተኛው ሲጠጣ አስር። በአራተኛው ሳምንት 26 ገደማ ደረሰ።

ግን «ፈጣን» ብለን ለብቻ ባስቀመጥነው ላይ አንድ የማይገባ ነገር ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ በየቀኑ አርባ ገደማ፣ ተከታታይ፣ እርምጃ ለመሆን በጣም እኩል የሆነ። በዛ ሰዓት ማን ይራመዳል ብዬ መጀመሪያ የሴንሰሩ ብልሽት መሰለኝ፣ ለልጅቷ ሳሳያት ዝም አለች። ሁዳዴ ነው። እማማ ሌሊት ተነስተው ይሰግዳሉ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ደሞ በዛ ጉልበት መንበርከክ ከልክላ ነበር።

ልጅቷ ስትጠይቃቸው መጀመሪያ ያሉት «ይሄ ነገር ያሳብቃል እንዴ?» ነው። ሳቅን፣ ግን እሳቸው አልሳቁም። እኔ ስፖርት እንደሚቆጥር ነው የነገርኳቸው፣ ሌሊቱንም ቀኑንም ሁሉንም መታጠፍ ከነሰዓቱ እንደሚጽፍ አልነገርኳቸውም፣ ውሸት ባይሆንም እውነትም አልነበረም። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ የሚጽፈውን ሁሉ ስክሪን ላይ አሳየኋቸው፣ ሌሊት ማውለቅ እንደሚችሉም ነገርኳቸው። የነፍስ አባታቸው ደሞ ለታመመ ሰው ቆሞም ተቀምጦም መጸለይ ይበቃል ብለው ገላገሏቸው፣ ከእኔ ሴንሰር ይልቅ ያ ንግግር ነው ጉልበታቸውን ያዳነው ብል አላጋነንኩም።

ሰኔ፦ ዝም ያለበት ጊዜ

ክረምት ገባ። የሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሳነብ ቁጥሩ 9፣ በሚቀጥለው 2፣ ከዛ ዜሮ። ለሦስት ተከታታይ ቀን ዜሮ። ልጅቷ ከሥራ ደክማ ገብታ ያን ቁጥር አየችና ተናገረች፣ «ተስፋ ቆረጥሽ አይደል» አይነት። እማማ «በመድኃኔዓለም ሠርቻለሁ» አሉ፣ ማሉ፣ አላመነችም፣ ላፕቶፕ ላይ ዜሮ ይላላ። መታሰሪያውን ፈተው ወረወሩትና ያን ሳምንት ከልጃቸው ጋር በደንብ አልተነጋገሩም።

ወደ ሱቅ ወስጄ በእጄ ስለጥጠው ምንም የለም። የውጪውን ቱቦ ስከፍት ውስጡ ላብ አለው። ትራይቦ እርጥበት ይጠላል፣ የተፈጠረው ቻርጅ እርጥቡ ገጽ ላይ ሾልኮ ያልቃል። በደረቁ ወቅት ሦስት አራት ቮልት የነበረው ከግማሽ ቮልት በታች ሆኗል፣ ትራንዚስተሩ ደሞ ሁለት ቮልት ገደማ ካልመጣለት አይነቃም። እማማ ሠርተዋል። በቀን 30ውንም ሳይሠሩ አልቀሩም።

ሌላም ነገር አገኘሁ፣ ሽቦው ጫፉ ላይ አረንጓዴ ሆኗል። ጫፉን ያሸግኩት ለመስታወት በሚሆን ተራ ሲሊኮን ነው፣ ያ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው። ሽታው በከንቱ አይደለም፣ ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ መዳብን ይበላል። ሽታ የሌለው አይነት አለ፣ አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ሰዎች ጋ አገኘሁ።

እንደገና ስሠራው ላስቲኩን ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅኩ (ሐምሌ ላይ ፀሐይ ለማግኘት አራት ቀን ጠበቅኩ)፣ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ውስጥ ከተትኩት፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ፍሬ ጥቂት ጨመርኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ በአዲሱ ሲሊኮን ዘጋሁ። ምቱ ወደ ሁለት ቮልት ተኩል ተመለሰ፣ እንደ መጋቢቱ አይደለም ግን ይቀሰቅሳል።

ዋናው ለውጥ ግን የትንሿ አምፖል ነው። ጠዋት እማማ አንዴ ያጥፋሉ፣ ሴንሰሩ ከሰማ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። ብልጭ ካላለ ይደውሉልኛል። መዝገቡ ላይም ያ የጠዋት ብልጭታ የሌለበት ቀን «0» ተብሎ አይጻፍም፣ ባዶ ነው የሚተወው። እማማ «እንደምን አደሩ ይለኛል» ነው የሚሉት። ልጅቷም ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፣ እኔም ሁለተኛ ይቅርታዬን።

ውጤቱ በቁጥር

ጥር ላይ ጉልበታቸው 60 ዲግሪ ነበር የሚታጠፈው፣ ፋሲካ ሰሞን 90፣ ነሐሴ ላይ 115። ይሄ በመታሰሪያው የመጣ ነው ብዬ አልናገርም። ስብራት በራሱ ጊዜ ይድናል፣ ልጅቷ ቤት የምትውልበት ቀን ጨመረ፣ የቡናው ሰዓት ነገር አለ፣ ሰው ደሞ እየተቆጠረበት መሆኑን ሲያውቅ ይበረታል። የማነጻጽርበት ሌላ እማማ አልነበረኝም።

መሣሪያው ራሱን ለመፈተን ግን አንድ ቀን ከጎናቸው ቁጭ ብዬ በእጄ ቆጥሬያለሁ፣ እኔ 30 ስል እሱ 28 አለ። የሳታቸው ሁለቱም በጣም ቀስ ብለው ያጠፉባቸው ናቸው።

ሌላ ሰው ቢጀምረው የምነግረው

መጀመሪያ ጥያቄውን ጠበብ አርግ። እኔ ማዕዘን ልለካ ብዬ ወር አባከንኩ፣ የሚፈለገው ግን ስንቴና ስንት ሰከንድ የሚል ነበር፣ ለዛ ደሞ ይሄ ሴንሰር ይበቃል። ለተቀማጭ ልክ፣ ማለትም አሁን ምን ያህል ተለጥጧል ለሚል ጥያቄ፣ ይሄን አትምረጥ፣ ያኛው ካርቦን ላስቲክ ከነችግሩ ይሻላል።

ዝምታውን አትመን። በባትሪ ያለማቋረጥ የሚለካ ሴንሰር ሲሞት ቁጥሩ ይበላሻል፣ ታየዋለህ። ይሄኛው ሲሞት ልክ ሰውየው ቁጭ ብሎ እንደዋለ ነው የሚመስለው። ለጤና፣ ለሥራ ሰዓት፣ ለማንኛውም ሰው በሚጠየቅበት ነገር ላይ የምታውለው ከሆነ መኖሩን የሚያረጋግጥበት መንገድ ሳታበጅለት ለማንም ቁጥር አታሳይ።

በደረቅ ወቅት የሠራውን በክረምት ፈትነው፣ ወይ ሻወር ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃ ከፍተህ አንጠልጥለው። ከመብራት መስመር ራቅ ብለህም፣ ሥሩ ሆነህም ለካ። ሽቦ ከመስፋትህ በፊት ልብስ ሰፊ ጠይቅ፣ የምሬን ነው፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ የማይለጠጥ ነገር እንዴት እንደሚቀመጥ እኛ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ያለን ሰዎች አናውቅም፣ አያ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሱሪ ወገብ ሲሰፉ ኖረዋል።

ለሚያስረው ሰው ደሞ የሚመዘገበውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አሳየው።

አሁን

እማማ መስከረም ላይ መታሰሪያውን መለሱልኝ፣ ታጥቦ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። አሁን ያለው ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ያደረገ አንድ የሰፈር ኳስ ተጫዋች ጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን 900 ገደማ ጊዜ አጠፍክ አለው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ፖሊስተር ቱታ ነው የሚለብሰው፣ ቱታው መታሰሪያው ላይ በተፋተገ ቁጥር የራሱን ቻርጅ እየፈጠረ ትራንዚስተሩን ይቀሰቅሳል። የእማማ የጥጥ ቀሚስ ይሄን ችግር ደብቆልን ኖሯል። አያ ላዩን የጥጥ ሽፋን እየሰፉለት ነው፣ ቅዳሜ እናየዋለን።